ቀጥሎ የትኛውን ቋንቋ ልማር? መጀመሪያ ማን እንደሚደውልልሽ ተመልከቺ

ጥያቄ፦ «31 ዓመቴ ነው። አፍ የፈታሁት በአማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ሥራ ላይ ቀኑን ሙሉ እጠቀማለሁ። ፈረንሳይኛ ሁለት ዓመት ተምሬ የማናግረው ሰው ስላጣሁ ተውኩት፤ አሁን ግማሹን ረስቼዋለሁ። ቀጥዬ አንድ ቋንቋ መጀመር እፈልጋለሁ። ቻይንኛ ለሥራ ያዋጣል ይሉኛል። ጀርመንኛ ለትምህርት ጥሩ ነው ይላሉ። የኮሪያ ድራማ በየማታው ስለማይ ኮሪያኛም ያምረኛል። ሥራዬ የደንበኞች ጉዳይ ላይ ስለሆነ በየሳምንቱ ከግብፃውያን ደንበኞች ጋር በስልክ እንገናኛለን፤ ግን ዓረብኛ ከሁሉም ከባድ ነው የሚል ዝርዝር አይቼ ፈራሁት። በቀን 40 ደቂቃ አለኝ። ሁለት በአንዴ ብጀምርስ? ዕድሜዬስ አልረፈደም? ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ ዓረብኛ ተማሪ፣ ያውም የግብፁን። ሌላው ይቆይ።

ይህን የምልሽ ዓረብኛ ከቻይንኛ ወይም ከጀርመንኛ ስለሚበልጥ አይደለም። ከዘረዘርሻቸው ቋንቋዎች ውስጥ በየሳምንቱ ስልክ የሚደውልልሽ ሰው ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ፈረንሳይኛን ለምን እንደተውሽው ራስሽ ጽፈሻል። ከበደኝ አላልሽም፣ ሰለቸኝም አላልሽም። የማናግረው ሰው አጣሁ ነው ያልሽው። ታዲያ አሁንም የሚያናግርሽ ሰው የሌለበት ቋንቋ ብትጀምሪ፣ ሁለት ዓመት ለፍተሽ ያው ቦታ ላይ ትቆሚያለሽ። ይህን ብዙ ጎበዝ ተማሪ ላይ አይቼዋለሁ፤ ጎበዝ መሆን አያድንም።

«ለሥራ ያዋጣል» የሚለውን ነገር እንየው። ሰዎች ይህን ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚቆጥሩት የተናጋሪውን ብዛት ነው። ቻይንኛ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ተናጋሪ አለው፤ ልክ ነው። ግን ቢሊዮኑ ሰው አንቺን አያናግርሽም። አንቺ የሚያስፈልጉሽ አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ስትሳሳቺ የሚታገሡሽ፣ ነገ ደግሞ ተመልሰው የሚያገኙሽ። ቀጣሪም ቢሆን ቋንቋ ብቻ ይዞ የመጣን ሰው ለአስተርጓሚነት ካልሆነ በቀር ብዙም አይፈልገውም። ዋጋ የሚያወጣው ሙያ ላይ የተጨመረ ቋንቋ ነው። «ደንበኛ አያያዝ ትችላለች፣ ከግብፆቹ ጋር ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ ትግባባለች» የምትባል ሠራተኛ ቦታዋ ይታወቃል። «ቻይንኛ ትንሽ ጀምራለች» የምትባለዋ ግን ሲቪዋ ላይ አንድ መስመር ጨመረች እንጂ ሥራዋ ላይ የተቀየረ ነገር የለም። አንድ ደብዳቤ ማንበብ ብቻ ከሆነ የምትፈልጊው፣ ያንን ስልክሽ ላይ ያለው መተርጎሚያ ይሠራልሻል። ሰው ቋንቋ የሚማረው መተርጎሚያው ለማይደርስበት ነገር ነው፤ ደንበኛው ተናዶ ሲደውል ለማብረድ፣ ሲቀልድ አብሮ ለመሳቅ።

አሁን ስላስፈራሽ ዝርዝር። ምንጩ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያሠለጥንበት ተቋም ነው። እዚያ የሚማሩት እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎች ናቸው። ተቋሙ እነሱን ሲያስተምር ካየው ተነሥቶ ቋንቋዎቹን በሚፈጁት ጊዜ ከፋፈላቸው። ስፓኒሽና ጣሊያንኛ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት፣ ስዋሂሊ 900 ገደማ፣ ሩሲያኛና ቱርክኛ 1,100 ገደማ፣ ዓረብኛ፣ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛና ኮሪያኛ ደግሞ 2,200 ገደማ። አማርኛ የት እንዳለ ታውቂያለሽ? ከሩሲያኛና ከቱርክኛ ጋር ነው፣ «ከባድ» ከሚባሉት ተርታ። አንቺ ሳትለፊ የያዝሽው ቋንቋ ማለት ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ የሚነግርሽ አንድ ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ምን ያህል እንደሚርቅ ብቻ ነው። ከአማርኛ ምን ያህል እንደሚርቅ ማንም አልለካበትም።

ሌላም ነገር አለ። ያ ሁሉ ሰዓት የተቆጠረው ዲፕሎማት ስብሰባ ገብቶ እንዲከራከር፣ ጋዜጣ አንብቦ እንዲረዳ ነው። በቀን 40 ደቂቃ በዓመት 243 ሰዓት ይሆናል። 2,200ን ለዚያ ብታካፍዪው ዘጠኝ ዓመት ይመጣልሻል፤ ያንን አይተሽ ብትፈሪ አልፈርድብሽም። ግን አንቺ አምባሳደር ልትሆኚ አይደለም። ደንበኛን ሰላም ብሎ፣ ችግሩን ሰምቶ፣ «ነገ ጠዋት እደውልልዎታለሁ» ለማለት የዚያ ሩቡም አያስፈልግም።

ይልቅ በእጅሽ ያለውን ነገር ልቁጠርልሽ፤ ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሳያውቀው ነው ዓረብኛን የሚሸሸው። አማርኛና ዓረብኛ ሁለቱም ሴማዊ ናቸው። ግብፆች ወንድን ስሙን ሲጠይቁ «ኢስመክ ኤህ?» ይላሉ፤ ሴት ከሆነች «ኢስሚክ ኤህ?»። አሁን «ስምህ ማን ነው? ስምሽ ማን ነው?» ከሚለው ጋር አስተያዪው። ስም ያው ስም ነው። «የአንተ» የሚለው እንደ እንግሊዝኛ ለብቻው አልቆመም፣ ቃሉ መጨረሻ ላይ ተለጥፏል። ወንድና ሴት ተለይቷል። መጠየቂያው ቃል እንኳ ከስሙ በኋላ ነው የመጣው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመልመድ ሦስት አዲስ ልማድ ማብቀል አለበት፤ ላንቺ የቀረልሽ ድምፁን መያዝ ነው።

ቃላቱም እንደዚያው ናቸው። ቤት፣ ዓይን፣ ደም፣ ሞት፣ ነፍስ፣ ሰማይ ሁሉም እዚያ ዘመድ አላቸው። አርበዓ አራት ነው፣ ሰብዓ ሰባት፣ ተማንያ ስምንት፣ ዐሸራ አሥር። ከሁሉ በላይ ግን የሚጠቅምሽ የቃላቱ አሠራር ነው። እኛ ጻፈ ብለን ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ ጽሕፈት፣ መጽሐፍ እንደምናወጣ፣ እነሱም ከተበ ብለው ካቲብ (ጸሐፊ)፣ መክቱብ (የተጻፈ)፣ ኪታብ (መጽሐፍ)፣ መክተብ (ቢሮ) ያወጣሉ። ማጥበቅና ማላላትም አለ። «ደረሰ» ሲላላ ተማረ፣ መሐሏ «ረ» ስትጠብቅ አስተማረ ማለት ነው። «ዋና» ሲላላ ባሕር ውስጥ፣ ሲጠብቅ ቁም ነገር የሚሆንበትን ጆሮ ይዘሽ ነው የምትሄጂው። ብዙ ቁጥር ደግሞ ሌሎችን ያስለቅሳል፤ ኪታብ ሲበዛ ኩቱብ ይሆናል፣ ወለድ (ልጅ) ሲበዛ አውላድ። አንቺ ግን መጽሐፍን መጻሕፍት፣ ልብስን አልባሳት ስትዪ ኖረሻል። ነገሩ አዲስ አይሆንብሽም።

ሁሉም ቀላል ነው ብዬ ግን አልዋሽሽም። ፊደላችን ውስጥ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ደግሞም አ እና ዐ አሉ፤ አማርኛ ስንናገር ልዩነታቸው ጠፍቷል። ዓረብኛ ላይ አልጠፋም። በተለይ ዐ ከጉሮሮ ሥር የሚወጣ ድምፅ ነው፤ እሱን ለመያዝ ሳምንታት ይፈጃል፤ የሚታረመውም በሰው ጆሮ እንጂ በመጽሐፍ አይደለም። ጽሕፈቱም አናባቢውን አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። ከ-ተ-በ በሦስት ፊደል ተጽፎ ስታገኚው ጻፈ ይሁን፣ ተጻፈ ይሁን፣ ወይስ መጻሕፍት፣ የምታውቂው ከዓረፍተ ነገሩ ነው። እያንዳንዱ ፊደል አናባቢውን ይዞ ለሚመጣልን ለእኛ ይህ መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። ፊደሎቹ 28 ናቸው፤ ቅርጻቸው እንደሚቆሙበት ቦታ ይለዋወጣል። አንድ ወር መድቢላቸው።

ትልቁ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ዓረብኛ የጀመሩ ሰዎች ከሚያቋርጡባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይመስለኛል። ዓረብኛ በአንድ ስም የሚጠራ ብዙ ቋንቋ ነው። መጽሐፍና ዜና ላይ ያለው ፉስሐ የሚባለው መደበኛ ዓረብኛ አለ። ሰው ቤቱ፣ ገበያው፣ ስልኩ ላይ የሚናገረው የየአገሩ ዘዬ ደግሞ ሌላ ነው። «እፈልጋለሁ» በፉስሐ ኡሪዱ ነው። ግብፅ ዓይዝ ይላል፣ ሴት ከሆነች ዓይዛ። ሶርያና ሊባኖስ ቢዲ፣ ሞሮኮ ብጊት። አራቱም አይመሳሰሉም! አንድ ዓመት ፉስሐ ብቻ ተምረሽ ከደንበኞችሽ ጋር ብታወሪ እነሱ ይረዱሻል፤ አንቺ ግን እርስ በርስ ሲያወሩ አብዛኛው አይገባሽም። ዓረብኛ እንቢ አለኝ ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ያለ ሰው ነው። እንቢ ያለው ዓረብኛው አይደለም፣ የተማረው ሌላ ስለነበረ ነው። ስለዚህ አስጠኚ ስትፈልጊ የመጀመሪያ ጥያቄሽ «የግብፅ ዘዬ ያስተምራሉ?» ይሁን። «ዓረብኛ ሁሉ አንድ ነው» የሚል መልስ ከሰጠሽ ሌላ ፈልጊ።

የግብፁ ዘዬ ደግሞ ላንቺ ጥሩ አጋጣሚ ነው። የግብፅ ፊልምና ዘፈን ለብዙ አሥርት ዓመታት በዓረቡ ዓለም ሲዞር ስለኖረ ሌላውም አገር ይሰማዋል፤ ለመስማት የሚሆን ነገር አታጪም። አንዳንድ ድምፁም ወደ እኛ ይቀርባል። ፉስሐ ጀመል የሚለውን እንስሳ ካይሮ ገመል ትለዋለች። ግመል መሆኑን ማን ይነግርሻል? በሌላ በኩል ካይሮዎች ቀ የሚለውን ድምፅ ብዙ ጊዜ ስለሚውጡት «ቀልብ»ን (ልብ ማለት ነው) «አልብ» ይሉታል። እንዲህ ያሉትን በጆሮሽ ነው የምትለምጃቸው።

ኮሪያኛ ያምረኛል ያልሽውን ቀላል አድርጌ አላየውም። ሰው የሚወደውን ቋንቋ ሲማር ይቆያል። ደግሞ ሰዋስዉ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚገርም ቅርበት አለው። «ትናንት የመጣው ሰው» በኮሪያኛ «ኦጄ ኦን ሳራም» ነው፤ ኦጄ ትናንት፣ ኦን የመጣው፣ ሳራም ሰው። ቃል በቃል፣ በዚያው ቅደም ተከተል! እንግሊዝኛ ላይ ይህንኑ ለማለት ከኋላ ወደ ፊት መገልበጥ ነበረብሽ፤ ልጅ ሆነሽ ስትማሪው ያስቸገረሽ አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ለአክብሮትም ይለወጣል፣ «መጣ» እና «መጡ» እንደምንለው። ቱርክኛና ጃፓንኛም በዚህ ይመሳሰሉናል። ፊደሉን ንጉሥ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1446 ያወጡት ነው፤ መሠረታዊዎቹ 24 ብቻ ስለሆኑ በጥቂት ቀን ማንበብ ትጀምሪያለሽ። ችግሩ ቃላቱ ናቸው፤ ከአማርኛ ጋር ዝምድና ስለሌላቸው አብዛኞቹን ከዜሮ ነው የምትይዣቸው። ሌላው ችግር አሁን ያለው የድራማ አያያዝሽ ነው። ሰብታይትል እያነበብሽ ከሆነ የምታዪው፣ ዓይንሽ እንግሊዝኛ እያነበበ ነው እንጂ ጆሮሽ ኮሪያኛ እየተማረ አይደለም። ለሁለት ሳምንት ያህል በየማታው የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ሰብታይትሉን አጥፍተሽ እዪ። ከዚያ በኋላም ካማረሽ እውነተኛ ፍቅር ነው፣ ከዓረብኛው ቀጥሎ ይምጣ። ፈተናውን ለመውሰድ ግን አትቸኩዪ፤ ቶፒክ የሚባለው የኮሪያኛ ችሎታ ፈተና ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ብቻ ነው።

ስለ ቻይንኛ ሰዋስው የሚወራው ፍርሃት ልክ አይደለም። ግሡ አይለወጥም። እኔ መጣሁ፣ አንተ መጣህ፣ እነሱ መጡ፣ ሁሉም «ላይ» ነው። የአማርኛን ግሥ ችሎ ለኖረ ሰው ይህ ዕረፍት ነው። የሚከብደው ቃናውና ጽሕፈቱ ነው። መግዛትም «ማይ» ነው፣ መሸጥም «ማይ» ነው፤ የሚለያቸው ድምፁ ጎንበስ ብሎ መነሣቱና ቁልቁል መውረዱ ብቻ ነው። ንግድ ላይ ይህን ማምታታት ምን እንደሚያመጣ አስቢው። ጋዜጣ ለማንበብ ደግሞ ከ2,000 እስከ 3,000 ምልክት ያስፈልጋል። በቀን 40 ደቂቃ ላለውና በቻይንኛ የሚያናግረው ሰው ለሌለው ሰው አልመክረውም። ነገ ቻይናውያን ደንበኞች ቢመጡልሽ ይህ ምክሬ ይለወጣል።

ጀርመንኛን በአጭሩ ልለፈው። ስሙ ሦስት ጾታ አለው፣ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለው ድርሻም አራት ዓይነት መልክ ይይዛል፤ በጥገኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግሡ መጨረሻ መሄዱ ሌላውን ሲያስቸግር አንቺን አያስቸግርሽም። ግን ጀርመንኛ የሚያስፈልገው ቀን የተቆረጠለት ዕቅድ ላለው ሰው ነው፤ የምታመለክቺበት ትምህርት ወይም ሥልጠና፣ የሚጠይቁሽ ደረጃና የማመልከቻው ጊዜ ከታወቀ ያን ቀን ሌላውን ሁሉ ትተሽ እሱን ያዢ። «ምናልባት አንድ ቀን» ከሆነ ግን አንድ ዓመትሽን አትስጪው።

ሁለት በአንዴ ብጀምርስ ላልሽው፣ አይሆንም። የአእምሮ ጉዳይ ሆኖ አይደለም፣ የሰዓት ጉዳይ ነው። 40 ደቂቃን ለሁለት ስትከፍዪው 20 ደቂቃ ይቀርሻል፤ የትናንቱን ስትከልሺ ያልቃል፣ አዲስ ነገር መቼ ልትይዢ ነው? የሚመሳሰሉ ቋንቋዎች ከሆኑ ደግሞ ይደባለቃሉ፤ ስፓኒሽና ጣሊያንኛ አብሮ የጀመረ ሰው አንዱን ሲናገር ሌላው አፉ ላይ ይመጣል። አንዱን እያሳደጉ ሌላውን መጠበቅ ግን ይቻላል። ፈረንሳይኛሽ አልሞተም። የረሳሽው ቃል ለሁለተኛ ጊዜ ስትይዢው ከመጀመሪያው በጣም ይፈጥናል፤ ይህን ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በራሱ ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሞታል። ስለዚህ ከሳምንቱ አንድ ቀን፣ እሑድን በለው፣ ለፈረንሳይኛ ስጪው። የምትወጂውን ነገር አንብቢበት፣ አድምጪበት። ሰዋስው አትክፈቺ። አንድ ቀን ቢ2 ወደሚባለው ከመካከለኛ ከፍ ያለ ደረጃ ካደረስሽው ዴልፍ የሚባለውን የፈረንሳይኛ ፈተና ውሰጂ፤ ያ የምስክር ወረቀት ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ እንደ ቶፒክ አያረጅም።

ዕድሜሽ አልረፈደም። ልጆች ከአዋቂ የሚበልጡት በተለይ በአነጋገር ዘዬ ነው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ እዚያ ቋንቋ ውስጥ ከኖሩ አነጋገራቸው ከተወላጁ አይለይም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ቃልና ሰዋስው በመያዝ አዋቂው ነው የሚፈጥነው፤ ማወዳደር ይችላል፣ ሕጉን ሲነግሩት ይገባዋል። በ31 ዓመት የሚቸግረው ጊዜና ሀፍረት ነው። ሀፍረቱን አስጠኚው ፊት ጨርሺው፣ ደንበኛው ጋ ስትደርሺ ቀንሶ ይጠብቅሻል።

40 ደቂቃዋን እንዲህ አድርጊያት። የመጀመሪያው ወር ለፊደልና ለድምፅ ይሁን፣ በተለይ ለዐ፣ ለሐና ለኀ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን 40 ደቂቃውን በሙሉ ከግብፃዊ አስጠኚ ጋር አውሪ፤ በኢንተርኔት ቢሆንም ግድ የለም። የቀሩትን ቀናት 15 ደቂቃ ቃል፣ 25 ደቂቃ ማድመጥ። ቃሉን እንደ አንኪ ባለ መተግበሪያ ያዢው፤ ልትረሺው ስትዪ መልሶ ያመጣልሻል። ግን ሌላ ሰው ያዘጋጀውን 5,000 ቃል አትጫኚ። ደንበኞችሽ የሚሉትን ራስሽ አስገቢ፤ «አልደረሰኝም»፣ «መቼ ነው?»፣ «ስንት ነው?»፣ «ቁጥሩን ይድገሙልኝ»። በዚህ አካሄድ በስድስት ወር ሰላምታና ቀጠሮ፣ በዓመት ደግሞ ያልተወሳሰበ የስልክ ጉዳይ ራሳቸው የሚጨርሱ ተማሪዎች አይቻለሁ። ጠጣር የሆነ ውልና ክርክር ግን በዓመት አይጠበቅም፤ እሱን በእንግሊዝኛ ቀጥዪ። ገንዘብና ቀን ያለበትን ነገር ሁሉ በዓረብኛ ተነጋግረሽም ቢሆን በጽሑፍ አረጋግጪ።

ፉስሐን ለዘለዓለም ተዪው ማለቴ አይደለም። ኢሜይላቸውን በራስሽ ማንበብ ስትፈልጊ፣ ምናልባት በሁለተኛው ዓመት፣ ትጨምሪዋለሽ። ያኔ ቃሉን ግማሽ በግማሽ ታውቂዋለሽ።

አንድ የመጨረሻ ማሳሰቢያ። ከላይ የጻፍኩልሽን «ኢስመክ ኤህ»ን ደንበኛ ላይ እንዳትጠቀሚበት፤ አንተ ማለት ነው። እነሱም እንደ እኛ «እርስዎ» አላቸው። ለወንድ «ሐድረተክ»፣ ለሴት «ሐድረቲክ» ይባላል። ደንበኛን ስሙን ስትጠይቂ «ኢስም ሐድረተክ ኤህ?» ነው የምትዪው። «ሐ»ን ከጉሮሮ አውጪያት። ዛሬ ማታ ሃያ ጊዜ በይው፣ የሚቀጥለው ስልክ ሲደወል ሞክሪው።